የረገበው ክር

አንኮበር የስድስተኛ ክፍል ሒሳብ አስተማሪ ሆኜ ሳለሁ እናቴ ጎጃም አልጋ ይዛ ነበር። «ዓይንሽን ሳላይ እንዳልሞት» ብላ በመንገደኛ ልካብኛለች። ያለ ዝውውር መሄድ ሥራ መልቀቅ ነው፤ ሥራ ከለቀቅሁ ደግሞ መድኃኒቷን የሚገዛላት የለም። ከደብረ ብርሃን የሚመጣው ሱፐርቫይዘር ትምህርቴን አይቶ ጥሩ ቢጽፍልኝ እሄዳለሁ፤ ባይጽፍልኝ እቀራለሁ።

የጊዜው ፈሊጥ «በአካባቢ ቁሳቁስ ማስተማር» ነበርና ሳንቃ ለምኜ ምስማር መታሁበት። አከራዬ ለባና ብርድ ልብስ ከፈተሉት የበግ ጠጉር ክር ሰጡኝ። ሁለት ክሮችን ትይዩ አድርጌ ወጠርኳቸው፤ ሦስተኛውን በሰያፍ አሳለፍኩባቸው። የሰያፉን ጫፍ ከምስማር ወደ ምስማር ሳዛውረው ማዕዘኖቹ ይሰፋሉ፣ ይጠባሉ፤ ከላይኛው ክር ጋር የሚሠራውና ከታችኛው ጋር የሚሠራው ግን ምን ጊዜም እኩል ናቸው። እሳት ዳር ተቀምጬ ደጋግሜ ለካሁ።

«ኧረ ተይው፣ ክሩን በዓይንሽ ጨረስሽው!» ብለው አከራዬ ሳቁብኝ።

በማግስቱ ውዳሴ ማርያሜን ደግሜ፣ ማተቤን ከአንገትጌዬ ሥር ሸሽጌ ሄድኩ። በተሰበረው መስኮት የገባው ጉም ክፍሉን ሞልቶታል። ሳንቃውን ግድግዳ አስደግፌ ማስረዳት ስጀምር ሱፐርቫይዘሩ ከኋላ፣

«ጓድ መምህርት፣ አንዷ ተነሥታ ትለካ» አለ።

ከተማሪዎቼ ሁሉ ጠንቃቃዋን ጠራሁ። ፕሮትራክተሩን ላይኛው ማዕዘን ላይ አድርጋ «ሰባ» አለች። ወደ ታችኛው ዞረች። ለካች፤ ደግማ ለካች። ያን ጊዜ አየሁት፤ ታችኛው ክር ጉሙን ጠጥቶ ረግቧል።

«ሰባ ነው፣ ሰባ በይ!» ይሏታል ጓደኞቿ ከኋላዋ በሹክሹክታ። እኔም በልቤ እመቤቴን ሰባ እንድታሰኝልኝ ለመንኳት። ውሸት በጸሎት እንደማይለመን እያወቅሁ ለመንኳት።

«ስልሳ አራት፣ ቲቸር።»

ክሩ ስለረገበ መስመሮቹ ትይዩ አይደሉም፤ ትይዩ ካልሆኑ ማዕዘኖቹ እኩል አይሆኑም። ይህን ማለት ብቻ ነበረብኝ፤ ትምህርቱ ራሱ እኮ እሱ ነው። እኔ ግን የረገበውን ክር ማጥበቅ ያዝኩ።

«መሣሪያሽ ያስተማርሽውን አፈረሰው፣ ጓድ» አለ ሱፐርቫይዘሩ፣ ሲጽፍ ቆይቶ። «የዝውውርሽ ነገር ለከርሞ ይታያል።»

እናቴ ለከርሞ አልደረሰችም። አንድ ማለዳ በሬን ስከፍት የደብሩ ቄስና መምህራኑ ተሰልፈው ቆመዋል። በዚያ ሰዓት ቄስ ይዞ የሚመጣ እንግዳ ለምን እንደሚመጣ ለማን ይጠፋዋል? አፋቸውን ሳይከፍቱ ጮህኩ። እናቴን ሌሎች ቀብረዋታል። ለቅሶዋን በሰው አገር፣ በአከራዬ ቤት ተቀመጥኩ።

ያቺ ልጅ ከእናቷ ጋር መጣች። እግሬ ላይ ተደፍታ፣

«ቲቸር፣ ምነው ሰባ ባልኩ ኖሮ!» ብላ ተንሰቀሰቀች።

ራሷን ይዤ ቀና አደረግኳት።

«ስልሳ አራት ነበር፣ ልጄ። ደኅና አድርገሽ ለክተሻል» አልኳት።