ከአራተኛ ፎቅ በሰው ጀርባ

ደጉን በዚህ፣ ክፉውን በዚያ ብለው ለይተው የሚያስቀምጡ ሰዎች ኮንዶሚኒየም ኖረው አያውቁም። እኔ የምኖረው ቦሌ ቡልቡላ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለም። ውሃ ሲያሻው ይመጣል፣ ሲያሻው ይቀራል። ግድግዳው የጎረቤትን ሳል ሳይቀር ያሰማል። እንዲህ ያለ ቦታ ተቀምጦ ሰውን በሁለት ረድፍ አሰልፋለሁ ማለት ዘበት ነው። ትናንት በመኪና ማቆሚያ የሰደበሽ ሰው ዛሬ የጋዝ ሲሊንደርሽን ተሸክሞልሽ ደረጃ ይወጣል። ምን ትይዋለሽ?

ይህን የምለው ስለ አንድ ጎረቤታችን ነው። ግራውንድ ላይ ነው የሚኖረው፣ የሜትር ታክሲ ይሠራል፣ አብዛኛውን ቀን ከኤርፖርት ሰው ሲያመላልስ ይውላል። ከእኔ በዕድሜ ያንሳል፤ «እትዬ» እያለ ይጠራኛል። አብራኝ የምትኖረው እናቴ ጉልበቷ ከከዳት ወዲህ ከቤት አውጥቶ ወደ ቤት የሚያስገባት እሱ ነው። እሑድ ቅዳሴ ስትሄድ፣ ሐኪም ስታይ፣ የማኅበር ቀን ሲደርስ፣ አራት ፎቅ ወጥቶ በሩ ላይ ይንበረከካል፤ እሷ ነጠላዋን አጣፍታ ጀርባው ላይ ትወጣለች፣ ይወርዳሉ። እኔ ከኋላ ምርኩዟን ይዤ እከተላለሁ። አንድ ቀን እንኳ ደከመኝ ሲል አልሰማሁትም። ሂሳብ ላነሳበት ስሞክር እንደተሰደበ ሰው ነው ፊቱን የሚያዞረው።

በዚህ ላይ ውሃ ያመጣልናል። የእኛ ቧንቧ ውሃ በሚመጣበት ቀን እንኳ አየር ነው የሚተፋው። ወሎ ሰፈር የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለኝ፤ ጎረቤት ደውሎ «ውሃ መጥቷል» ሲለኝ ደንበኛ ጥዬ፣ ታክሲ ተጋፍቼ እመጣለሁ፣ ስደርስ ጠብታ የለም። ግራውንድ ስለሆነ እሱ ጋ አይጠፋም እንላለን። ከታንከሩ ቀድቶ ጀሪካን አንጠልጥሎ ይወጣና በራችን ላይ ያስቀምጥልናል። እናቴ ከወንበሯ ሳትነሳ ሁለት እጇን ዘርግታ ትመርቀዋለች። ልጅ ይውጣልህ፣ መንገድህ ይቅና፣ ክፉ አይይህ። እሱም አንገቱን ደፍቶ «አሜን» እያለ ምርቃቱን እስከ መጨረሻው ይቀበላል። የምርቃት ነገር አይሆንለትም፤ እናቱን በልጅነቱ ነው ያጣው።

አንድ ቅዳሜ ውሃ መጣ ተባለ። የእኛ ቧንቧ እንደ ልማዱ አፏጨ። ቆጣሪያችንን ልይ ብዬ ወረድኩና በጓሮው በኩል ሳልፍ ድምፅ ሰማሁ። እኔ ሞተር ስሸጥ ነው ያረጀሁት፤ ሞተርና ማቀዝቀዣ አይምታታብኝም። የእሱ ቤት የጓሮ በር ገርበብ ብሏል። አየሁ። ዋናው ቧንቧ ወደ ፎቅ ከመውጣቱ በፊት እሱ ጋ ተቀጥሎ፣ ፓምፕ ገብቶለት፣ የብሎኩን ውሃ እየሳበ ወደ ታንከሩ ይገለብጠዋል።

ደሜ ፈላ። ውሃ መስረቁ አልነበረም ያንገበገበኝ፤ በዚህ ከተማ ያላየነው ስርቆት የለም። ያ ምርቃት ነው ያቃጠለኝ። የራሳችንን ውሃ በጀሪካን እየሰጠን የእናቴን ምርቃት ሲወስድ ኖረ! እዚያው ቆሜ የማውቀውን ስድብ ሁሉ በሆዴ አወረድኩበት። ከዚያ ደረጃውን ስወጣ ሌላ ነገር መጣብኝ፦ በዚህ ደረጃ እናቴን ይዞ ሲወርድ እግሩን አንድ በአንድ እየፈተሸ፣ እሷ እንዳትናወጥ ትንፋሹን ይዞ። እሱም ውሸት አልነበረም። አይቼዋለሁ። ሁለቱም እውነት መሆናቸው ነው ይበልጥ ያናደደኝ፤ አንዱ ውሸት ቢሆን ኖሮ ሥራዬ ይቀልልኝ ነበር።

ለእናቴ አልነገርኳትም። ለሌሎቹ ግን ነገርኩ፤ ዝም የሚል አፍም የለኝ። የእኛ ብሎክ የጽዋ ማኅበር አለው። በየወሩ በሚካኤል ቀን በአንዱ ቤት እንሰበሰባለን፤ ዳቦ ይቆረሳል፣ ጠላ ይቀዳል፣ ጽዋው ይዞራል፣ ሲያበቃ የዕለቱ ደጋሽ ጽዋውን በሻሽ ሸፍኖ ለቀጣዩ ተረኛ ያስረክባል። የማኅበሩ ሙሴ እኔ ነኝ፤ መሪው ሴትም ቢሆን መጠሪያው ይኸው ነው። አንድ የማይጣስ ደንብ አለን፤ የተቀያየመ ሰው አብሮ አይጠጣም። ጽዋው ከመዞሩ በፊት ሙሴው ተነስቶ «የተቀያየመ አለ?» ብሎ ይጠይቃል። እኛም ዓመቱን ሙሉ «ሰላም ነን» እያልን ጠጥተናል። ከልማዱ ብዛት መልሱ ከጥያቄው ቀድሞ ይወጣ ነበር። እሱም ከእኛ ጋር «ሰላም ነን» ይል ነበር፣ ያውም ጮክ ብሎ።

የዚያ ወር ደጋሽ ሦስተኛ ፎቅ ያለችው አስተማሪ ነበረች፤ ቀጣዩ ተረኛ ደግሞ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? እሱ። አስተማሪዋ ወሬውን እንደሰማች ቤቴ መጥታ ቁርጡን ነገረችኝ። ጽዋውን ለሌባ እጅ አልሰጥም፣ ወይ እሱ ይወጣል ወይ እኔ እወጣለሁ። ብዙዎቹ ከእሷ ጋር ናቸው። እሷ ልጆቿን በእርጥብ ጨርቅ አብሳ ነው ትምህርት ቤት ስትልክ የኖረችው፤ ንዴቷ አልገረመኝም።

የንስሐ አባታችን ጋ ሄድኩ። አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው ሰሙኝና እኔም ከልጅነቴ የማውቀውን የእርሻውን ነገር አነሱልኝ፤ ስንዴ ስለተዘራበት፣ ጠላት ሌሊት መጥቶ እንክርዳድ ስለጨመረበት፣ ሠራተኞቹ እንንቀለው ሲሉ ባለቤቱ ስንዴውንም አብራችሁ ትነቅሉታላችሁና እስከ መከር ተዉት ስላለው። «እሺ አባቴ» አልኳቸው፣ «ታዲያ እስከ መከር ድረስ ፊታችንን በምን እንታጠብ?» ሳቁ። እሳቸውም ሰውየውን ተዉት ማለትና ፓምፑን ተዉለት ማለት ለየቅል መሆኑን ነገሩኝና የቀረውን ለእኔ ተዉልኝ። ይኼን ያህል በቂዬ ነበር። ብዙ ሰው ያንን ቃል ሲሰማ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ ይመስለዋል። እኔ አይመስለኝም። እንክርዳዱ እስከ መከር ይቆያል የተባለው እርሻው ጠባቂ የለውም ማለት አይደለም።

የሚካኤል ቀን አስተማሪዋ ቤት ተሰበሰብን። እናቴ ጉንፋን ይዟት ቀርታለች። አባታችን ጸሎቱን አድርሰው ዳቦውን ባረኩ። ተነሳሁና ጠየቅሁ፤ «የተቀያየመ አለ?» የወትሮው «ሰላም ነን» አልወጣም። «እኔ አለሁ» አልኩ፣ ወደ እሱ ዞሬ፤ ያየሁትን ሁሉ በሰው ፊት አንድም ሳላስቀር ነገርኩት።

በመጀመሪያ ሁሉም ብሎክ እንደሚያደርገው፣ እሱ ባይስብ የጎን ብሎክ እንደሚስበው ሊያስረዳ ሞከረ። ከዚያ ጭንቅላቱን በእጁ ያዘ። አስተማሪዋ ጽዋውን እቅፏ ውስጥ አድርጋ ለእሱ እንደማታስረክብ ተናገረች።

እኔ ሙሴ ነኝ። እስክታወርዱኝ ድረስ የምፈርደው እኔ ነኝ አልኳቸው። ሰው ከማኅበር አናስወጣም፤ እዚህ የተሰበሰብነው ንጹሕ ስለሆንን አይደለም፣ ቢሆንማ ጥያቄውን በየወሩ ባልጠየቅን። ግን እንዲሁም አናልፈውም። ሁለት ነገር ያደርጋል። አንደኛ፣ ፓምፑን ይነቅላል። ሁለተኛ፣ የሚቀጥለው ጽዋ በእሱ ቤት ከመጠጣቱ በፊት ለእናቴ ራሱ፣ በገዛ አፉ ይነግራታል፤ ከሁላችን ይልቅ የተበደለችው እሷ ናትና እሷ ሳታውቅ የሚሆን እርቅ እርቅ አይደለም።

ፓምፑን ዛሬውኑ እነቅላለሁ አለ። ሁለተኛውን ሲሰማ ፊቱ ልውጥ አለ።

«እትዬ፣ እሱን አልችልም» አለኝ። «ከማኅበሩ አስወጡኝ። ለእማማ ግን አይነገር።»

ከማኅበር መውጣት ቀላል ነገር አይደለም። ቢታመም የሚጠይቀው፣ ቢሞት የሚቀብረው እኛ ነን፤ እዚህ ከተማ ሌላ ዘመድ የለውም። ያንን ሁሉ ጥሎ አንዲት አሮጊት ፊቷን እንዳታዞርበት ብቻ ለመነኝ። አሳዘነኝ፤ እዋሻለሁ እንዴ፣ በጣም አሳዘነኝ። ግን ከቃሌ ዝንፍ አላልኩም። ጽዋውን ከአስተማሪዋ እቅፍ ተቀብዬ እጁ ላይ አስቀመጥኩና የሚቀጥለው ወር ቤትህ እንመጣለን፣ ነግረሃት ጠብቀን፣ ካልነገርካት ጽዋውን መልስ፣ ያኔ ራስህን ያስወጣኸው አንተ ነህ አልኩት።

ፓምፑ በዚያው ቀን ተነቀለ። በቀጣዩ የውሃ ቀን አራተኛ ፎቅ ላይ ቧንቧው መጀመሪያ አስነጠሰ፣ ከዚያ ዝገት ተፋ፣ ከዚያ ወረደ። የቤቱን ዕቃ ሁሉ ሞላሁ። እናቴ የዚህ ሰፈር ውሃ ልብ ገዛ ብላ አመሰገነች። እኔም እልል ማለት ነበረብኝ፤ ሰውዬው ግን ቀረ። ጀሪካኑም ቀረ፣ እሱም ቀረ። እሑድ እናቴ ነጠላዋን ለብሳ በሩ ሥር ተቀምጣ ጠበቀችው። አልመጣም። በሚቀጥለውም እሑድ፣ በሌላውም። መኪናውን ማልዶ አስነስቶ ይወጣል፣ ስንተኛ ይገባል።

«ልጄ ምን ሆኖ ነው? አስቀይሜው ይሆን?» ትለኛለች።

ነጠላዋን ተቀብዬ አጠፍኩ። ያን ጊዜ ነው አባታችን ያነሱልኝ ነገር በሚገባ የገባኝ። ክፉውን ስነቅል ደጉም አብሮ መጣ። ቤታችን ውሃ ሞልቶ እናቴ ቅዳሴ ቀረች። ተሳስቼ ይሆን ብዬ አላስብም፤ ፓምፑ መነቀል ነበረበት፣ ዛሬም ቢሆን እነቅለዋለሁ። ግን ክፉውን ነቅለሽ ከጨረስሽ በኋላ ደጉ መልሶ እስኪበቅል መጠበቅ ነው እንጂ ከላይ ሆነሽ ልትጎትቺው አትችይም። መጠበቅ ደግሞ ለእኔ ከሞት የከፋ ነው።

የእሱ ተራ ቀን ደረሰ። ከታች የወጥ ሽታ እስከ እኛ ይመጣል፤ ደግሷል ማለት ነው። ይነግራት እንደሆነ ወይም ጽዋውን ይመልስ እንደሆነ ማንም አያውቅም። አስተማሪዋ ለማየት ብቻ እንደምትመጣ ነግራኛለች። እናቴን አልብሼ ምን አድርጌ እንደማወርዳት ሳስብ በሩ ተንኳኳ። ነጭ በነጭ ለብሶ ቆሟል። እኔን አላየኝም።

«እማማን ላወርድ መጣሁ» አለ።

እናቴ እየተቆጣች፣ የት ጠፍተህ ነው፣ ልጅ እንዲህ ይጨክናል እያለች ጀርባው ላይ ወጣች። መውረድ ጀመሩ። ምርኩዙን ይዤ ተከተልኩ። ሦስተኛ ፎቅን አለፍን፣ ምንም አላለም። መንገሩ ቀርቷል፣ ጽዋውን ሊመልስ ነው ብዬ ተስፋ ስቆርጥ፣ ወደ ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ እርምጃውን ሳያቆም መናገር ጀመረ። ፓምፑን ነገራት። ጀሪካኑን ነገራት። ሳመጣልሽ የነበረው የራስሽን ነው አላት፣ «እርስዎ» ማለቱ እንኳ ጠፍቶበት። ፊቷን ማየት አይችልም፤ ከጀርባው ናት። ለዚህ ብሎ ይሆን እዚያ የነገራት ብዬ አሰብኩ።

«አውርደኝ» አለችው እናቴ።

ደረጃው ላይ አስቀመጣት። እሱ ሁለት ደረጃ ዝቅ ብሎ ቆመ። እኔ፣ ቃል አጥቼ የማላውቀው ሴትዮ፣ ምርኩዙን ጨብጬ ግድግዳው ላይ ተለጠፍኩ። እናቴ ረጅም ጊዜ ነጠላዋን ስታስተካክል ቆየች። ነቅለኸዋል? ብላ ጠየቀችው። ነቅያለሁ አላት። አዝኜብሃለሁ አለችው፤ በጣም አዝኜብሃለሁ፣ ሰውነቴን ሳልታጠብ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሄድኩበት ቀን ነበር። እሱ እንባውን በእጁ ጀርባ ጠረገ።

«ውሃው የእኛ ነበር» አለች እናቴ። «ጀርባው ግን የራስህ ነው፤ ከማንም አልሰረቅኸውም። በል ጎንበስ በል፣ ሰው እየጠበቀን ነው።»

ጎንበስ አለ። አንገቱን አቅፋ ጀርባው ላይ ተመለሰች።

«ቀስ በል» አለችው፣ «እንዳትጥለኝ።»