ባለቤቴ በረምዚ ሊንክ ገባች

ትናንት ምሳ ሰዓት ላይ ነው። ቢሮ ቁጭ ብዬ፣ በአንድ እጄ ሳምቡሳ በሌላው ስልኬን ይዤ የቴሌግራም ግሩፓችንን አያለሁ... ሳምቡሳው ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

ለማታውቁት ላስረዳ። ስልክ እየነካካን የምንሰበስባት አንዲት ኮይን አለች። ገና ገበያ ላይ አልወጣችም፤ «ልትወጣ ነው፣ ልትወጣ ነው» እየተባልን ከርመናል። ሰው መጋበዝ ስትፈልግ ሊንክህን ትልክለታለህ። በሊንክህ የገባ ሁሉ «ከስርህ ነው» ይባላል፤ ስሙና ፎቶው ዝርዝርህ ላይ ይወጣል፣ ላንተም ተጨማሪ ኮይን ይገባልሃል። ይህን ነገር ሐረር ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ቢያንስ እኔ የማምነው እንደዚያ ነው። የቢሮ ሰው፣ የሐኪም ጋራ ሰፈር ጎረቤት፣ የነፍስ አባቴ ልጅ ሳይቀር ከስሬ ናቸው።

ከኔ የሚበልጠው አንድ ሰው ብቻ ነው። ረምዚ ይባላል፤ የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ፣ መኪና ግርግር መግቢያ ላይ ሞባይል ይጠግናል። እኔ ግሩፑ ላይ «ጤና ይስጥልኝ» ብዬ ስጽፍ የሚመልስልኝ የለም። እሱ «አቦ፣ እንዴት ናችሁ» ካለ ግን ግሩፑ ልብ በልብ ይሆናል። እቀናበታለሁ... ምን እደብቃችኋለሁ።

እና ትናንት ረምዚ የዝርዝሩን ስክሪንሾት ለጥፎ «ቤተሰቦቼ፣ አላህ ይጨምርላችሁ» ይላል። ከስሩ ማን ማን እንዳለ ለማየት ፎቶውን አጉልቼ ወደ ታች ስወርድ... የሠርጋችን ፎቶ! ባለቤቴ መሠረት ናት። እኔን ቆርጣ ጥላኛለች፤ ትከሻዋ ላይ ያለው እጄ ብቻ ቀርቷል። ሚስቴ አንሳ፣ የገዛ እጄም ረምዚ ስር ገብቷል!

ይቺ ሴት እኮ ሊንኬን ስልክላት «ስልክ መነካካት አልወድም፣ ተወኝ እባክህ» ብላኝ ነበር።

ፈቃድ ሳልጠይቅ ከቢሮ ወጣሁ። መሠረት እዚያው መኪና ግርግር ላይ በኪራይ የስፌት መኪና ልብስ ትሰፋለች። ስደርስ አንገቷን ደፍታ ቀሚስ እየሰፋች ነው። ስልኩን አፍንጫዋ ስር ደቀንኩት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«እኔ ነኝ» አለች፣ ምንም ሳይመስላት።

«ባልሽ ሊንክ እያለው?»

«ባሌ ከስሩ የገባውን ሰው ምን እንደሚያደርገው አውቃለሁ። ጠዋት “ነካካሽ ወይ?”፣ ማታ “ነካካሽ ወይ?”... እናቴ ያንተን ስልክ ማንሳት ያቆመችው ለምን ይመስልሃል?»

እኔ ጆሯቸው ከብዶ ይመስለኝ ነበር።

«ረምዚስ?»

«ረምዚ አንድ ቀን እንዴት እንደሚሠራ አሳየኝ። ከዚያ ወዲያ ሰላምታ ብቻ ነው።»

ሰላምታ ብቻ! ይሄ ነው ማጽናኛዋ። ኮይኗ ስትወጣ ሸጣ የራሷን የስፌት መኪና ልትገዛ እንዳሰበች፣ ኪራዩ እንዳንገሸገሻት ነገረችኝ። ስልኳን ከፍታ የሰበሰበችውን ስታሳየኝ ከኔ ይበልጣል። እሱም ተጨምሮ አናደደኝ።

«አጥፊውና በኔ ሊንክ እንደገና ግቢ» አልኳት።

«ይሄን ሁሉ የለፋሁትስ?»

«ይመለስልሻል። ይሄን ነገር ከኔ በላይ የሚያውቅ አለ?»

ከጎኗ የሚሰፉት ሰዎች አንድ በአንድ መኪናቸውን አቆሙ። መኪና ግርግር ጸጥ ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ትናንት ሰማሁት። መሠረት ግራ ቀኝ አየች፣ ፊቷ ቀላ፣ ስልኳን እጄ ላይ አስቀመጠች።

«እንካ። አንተው አጥፋው።»

አጠፋሁት። «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ ጠየቀኝ፤ አዎ አልኩ። «የሰበሰብከው ሁሉ ይጠፋል» አለኝ፤ እሱንም አዎ አልኩ። ከዚያ በኩራት ሊንኬን ስከፍት... ይህ ተጠቃሚ ከዚህ በፊት ተመዝግቧል፣ ዳግም መመዝገብ አይችልም የሚል ቀይ ጽሑፍ መጣ። ደግሜ ሞከርኩ። ስልኩን አጥፍቼ አብርቼ ሞከርኩ። ያው ነው። ኮይኑም የለም፣ እሷም ዝርዝሬ ላይ የለችም።

ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ስልኳን ተቀብላኝ አየችው፣ የኪራይ መኪናዋን አየችው፣ ክሩን በጥርሷ በጥሳ መስፋቷን ቀጠለች። እኔ አጠገቧ ቆሜ «ለኃላፊዎቹ እጽፍላቸዋለሁ... ይስተካከላል...» እላለሁ። አትሰማኝም።

በዚህ መሃል ረምዚ እየሮጠ መጣ። የጀመረውን ሥራ ትቶ ነው መሰለኝ፣ የሰው ስልክ ሆዱ እንደተከፈተ እጁ ላይ ነው።

«አቦ መሲ፣ ምን ሆንሽ? ስምሽ ከዝርዝሬ ሲጠፋ ወላሂ ደነገጥኩ! አመመሽ እንዴ?»

ከመርፌው ላይ ዓይኗን ሳታነሳ መለሰችለት።

«እኔ ደህና ነኝ ረምዚ። ባሌ ነው ያመመው።»

ልጁ ደግሞ የምሯን መስሎት ወደኔ ዞሮ፣ ትከሻዬን ይዞ «አላህ አፊያ ያድርግህ ወንድሜ» አለኝ። በርጩማም አመጣልኝ። ሰፊዎቹ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው ጨርቃቸው ውስጥ ተደፉ። እኔም ምን ላድርግ... ተቀመጥኩ።

የስፌት መኪናውን ከደሞዜ እያጠራቀምኩ ልገዛላት ምያለሁ፤ እገዛላታለሁም። ጥፋቴን አላጣሁትም።

ግን ወዳጆቼ... እኔ ባሏ «መሠረት» እያልኩ የምጠራትን ሴት፣ እሱ ምን ሆኖ ነው «መሲ» የሚላት?