የጓደኛዬ ጥላ በካላንደር ጀርባ

ሥዕል ማጥቆር ለኔ እርሳስ ፈግፍጎ ምራቅ በነካው ጣት ማሸት ነበር። ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ስምንተኛ ክፍል አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ ሥራዬን አይታ የማድቤት ጨርቅ ይመስላል አለችኝ። የገራዶ ገበሬ ልጅ ናት፤ ለትምህርት ብላ አክስቷ ዘንድ ትኖር ነበር። አኮረፍኳት። በማግስቱ የአንድ ብር ኖት ይዛ መጣችና ጀርባው ላይ ያለውን ፏፏቴ አሳየችኝ። ድንጋዩ የጠቆረው በቀለም ተለቅልቆ አይደለም፤ ቀጫጭን መስመር በቀጫጭን መስመር ላይ ተሻግሮ ነው። ገረመኝ፤ ኩርፊያዬንም ረሳሁት።

ስሳሳት እንዳልሰርዝ ብላ በእስክርቢቶ አለማመደችኝ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የተባለው ለኔ ነው፤ ስንት ወረቀት አበላሸሁ። እሷ ግን አንዱን ጎን ሳትጨርስ ወደ ሌላው አትሻገርም።

እኛ ጴንጤዎች ነን፤ ስብከት ሲረዝምብኝ ከፊቴ የተቀመጠውን ሰው ጆሮ ሁሉ እሥል ነበር። እሷ ከማንቆርቆሪያ፣ ከጫማና ከጦሳ ተራራ አታልፍም። ነፍስ ያለው ነገር የሣለ በፍርድ ቀን፣ ቂያማ ላይ፣ «ነፍስ ዝራበት» ይባላል ብለው አባቷ አስተምረዋታል። አንቺን ልሣልሽ ስላት በሻሿ ተሸፍና ትስቅብኛለች።

አሥረኛን እንደጨረስን ጅዳ መሄዷ ቁርጥ ሆነ። ለፓስፖርት የተነሣችውን ፎቶ ደላላው ጠቅልሎ ወስዶታል። ፊቷን የማስቀርበት ምንም ነገር አልነበረኝም። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ በመጨረሻም አለቀስኩ።

«አብሽሪ፤ ጥላዬን ሣዪው። ጥላ እንደሁ ነፍስ የለው» አለችኝ።

ከአክስቷ ሱቅ ጀርባ፣ የማታ ፀሐይ በሚያርፍበት ግድግዳ ላይ ያለፈ ዓመት ካላንደር ገጾችን ገጣጥመን ገልብጠን ለጠፍን። ጎኗን ሰጥታኝ ቆመች። ጥላው አልቆም እያለ አስቸገረኝ፤ ትከሻዋ ላይ ስደርስ አፍንጫዋ ከመስመሬ ወጥቷል። ዙሪያውን እንደምንም ከጨረስኩ በኋላ ወረቀቱን አውርደን ማጥቆር ጀመርን። እኔ ከላይ ወደ ታች እሰምራለሁ፣ እሷ በኔ ላይ አግድም ታቋርጣለች። እንደ ልማዴ ቸኩዬ እስከ ጉልበቷ ድረስ ቀደምኳት። እሷ ትከሻዋ ላይ እንደደረሰች አክስቷ ጠሯት።

«ቀሪውን ስመጣ አቋርጠዋለሁ፣ ኢንሻአላህ» አለችና እስክርቢቶውን መለሰችልኝ።

በሚኒባስ እስከ ኮምቦልቻ ሸኘኋት። መጀመሪያ ላይ ወደ አክስቷ ስልክ ትደውል ነበር። አሠሪ ቀየረች ተባለ፤ ከዚያ ወዲህ ወሬዋን የሚያውቅ አላገኘሁም።

እነሆ ፊቷ ከፊቴ እየጠፋ ነው። አፍንጫዋ ቀጥ ያለ እንደነበር ከወረቀቱ አያለሁ፤ ዓይኗን ግን ማስታወስ አቅቶኛል። በጣም ትናፍቀኛለች። ሥዕሉን ያየ ሁሉ ምነው አትጨርሺውም ይለኛል። ከትከሻዋ በታች ጥላው ገና አልጠቆረም፤ የኔ መስመር ብቻውን ወደ ታች ይወርዳል። እጄ አሁን አይቸኩልም፤ በአንድ ማታ ልጨርሰው እችላለሁ። ግን አግድሙ የሷ ነው።