ዋፉላን ወደ ላይ የላከው ሰው

ባንታየሁ ኬንያ፣ ኢምባካሲ ውስጥ፣ ከአየር ማረፊያው ጀርባ ባለ የእህል መጋዘን አሥራ አንድ ዓመት ተቆጣጣሪ ሆኖ ሠርቷል። ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ዝምተኛ፣ የእሑድ ቅዳሴ የማያስታጉል ሰው። ኬንያውያኑ ጫኞች «ምዜ» ይሉታል፣ እንደ አባት ሲያከብሩት።

አንድ ማክሰኞ የምስር ጆንያ ክምር ወደ መተላለፊያው ዘንበል ብሎ አደረ። ባንታየሁ ለመጋዘኑ ባለቤት ለአቶ ዓምደሚካኤል ደወለለት።

«ፈርሶ እንደገና መደርደር አለበት።»

«መኪናው ቆሞ እየጠበቀ? አንድ ሰው ይውጣና ከላይ ያውርድ።»

ባንታየሁ አልተከራከረም። ከጫኞቹ ሁሉ ቀልጣፋ የነበረውን ዋፉላን ጠራው። ዋፉላ ቀና ብሎ ክምሩን አየ፣ ቀጥሎ ባንታየሁን አየ።

«ሳ ሂ?» አለው። አሁኑኑ? ማለቱ ነው።

«አዎ፣ አሁን።»

ወጣ። ጥቂት ጆንያ እንዳወረደ ክምሩ ተናደበት። ጆንያዎቹን አንስተው ሲደርሱበት ትንፋሹ አልነበረም።

በማግስቱ ዓምደሚካኤል በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስቴትመንት አቀረበለት። ሟቹ ማንም ሳያዘው፣ የማስጠንቀቂያ ቃል ጥሶ ወጣ ይላል።

«ጋሽ ባንታየሁ፣ መጋዘኑ ከተዘጋ ሠላሳ ሰው ነው የሚበተነው። የእርስዎም የሥራ ፈቃድ በእኔ በኩል ነው። እሱ እንደሆነ ላይመለስ ሄዷል።»

ፈረመ። አደጋውን ሊያጣራ ለመጣው መርማሪም ያንኑ ደገመለት።

ከዚያ ወዲህ መጋዘኑ ሌላ ቦታ ሆነበት። በክምሮቹ መካከል ሲያልፍ ከላይ የሚያየው ሰው ያለ ይመስለዋል። ቀና ብሎ ማየት ፈራ። ባዶ መተላለፊያ ውስጥ «ሳ ሂ?» የሚል ድምፅ ሰምቶ መልስ ሊሰጥ አፉን የከፈተበት ቀን አለ።

በሁለተኛው ሳምንት የዋፉላ ሚስት ኔኬሳ የባሏን ልብስ ልትወስድ መጣች። ጃኬቱን አቅፋ ወደ ባንታየሁ ጠጋ አለች።

«ምዜ፣ መጨረሻ ላይ አብረኸው ነበርክ አሉኝ። ምን አለ?»

«ምንም አላለም» አላት።

አመሰገነችው። ምስጋናዋ ከሁሉ ባሰበት። በቀጣዩ እሑድ ወደ ንስሐ አባቱ ሄዶ ሁሉን ነገራቸው። ጾምና ስግደት እንዲያዙበት አንገቱን ደፍቶ ጠበቀ።

«ስግደቱ ይቆይህ» አሉት ካህኑ። «የሐሰት ምስክርነትህ እዚያ መርማሪው ቢሮ ተቀምጦ እኔ ምን ብዬ ልፍታህ? መጀመሪያ ሄደህ እሱን አንሳ። ለሴትዮዋም ንገራት።»

ሰኞ ጠዋት ከመርማሪው በፊት ለዓምደሚካኤል ነገረው። ዓምደሚካኤል አልጮኸም።

«እርስዎም አብረውኝ ይከሰሳሉ እኮ!»

«አውቃለሁ። የላክሁት እኔ ነኝ።»

ቃሉን ለውጦ አስመዘገበ። ከሥራው በዚያው ቀን ተባረረ። ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ተሳፍሮ ወደ ኔኬሳ ቤት ሄደ፤ በሩ ላይ ቆሞ፣ ባሏ የጠየቀውንና እሱ የመለሰለትን ነገራት። በሩን እንደያዘች ጠየቀችው።

«ቀብሩ ላይ አፈር ስታለብስ ይህን ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ሂድ» አለችው፤ በሩን ዘጋች።

ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ ባንታየሁ መሰከረ። መጋዘኑ ጥፋተኛ ተባለ፤ ለኔኬሳም ካሳ ተፈረደላት። እሱ በማስጠንቀቂያ ተለቀቀ። በፍርድ ቤቱ ኮሪደር ኔኬሳ በአጠገቡ ስታልፍ ብድግ አለላት፤ ሰላም አላለችውም።

ዛሬ ኪሊማኒ ሠፈር ባለ የሐበሻ ምግብ ቤት ጓዳ ውስጥ ሽንኩርት ይልጣል። ቀኖናውን ጨርሶ ቆርቧል። እንቅልፉ ግን ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። ከቤተ ክርስቲያኑ ማኅበር ሰዎች አንዳንዶቹ እንደ ጻድቅ ሊያዩት ሲሞክሩ ይከፋዋል። «እውነቱን የተናገርኩት ሰውየው ከተቀበረ በኋላ ነው» ይላቸዋል።

ማለዳ ሲጸልይ የሙታኑን ስም አንድ በአንድ ያነሳል፤ አባቱን፣ እናቱን፣ ታላቅ ወንድሙን። መጨረሻ ላይ፣ የክርስትና ስሙን ስለማያውቅ፣ ዋፉላ ብሎ ብቻ ይጠራዋል።