ጋሽ ደሬሳ ቤት የነበረው ፍሎፒ

ናዝሬት፣ የመንግሥት እርሻ ድርጅት ቢሮ ውስጥ ታይፒስት ነበርኩ። ወደ ኮምፒዩተር ክፍል የተዛወርኩ ቀን ኃላፊው ጋሽ ደሬሳ መጀመሪያ ያሉኝ "ጫማሽን አውልቂ" ነው። አቧራው ማሽኑን እንዳይገድለው ነው። ቀጥለው "ምንም አትንኪ" አሉኝ። ሳምንቱን ሙሉ በባዶ እግሬ ተጎልቼ ዋልኩ። ተናደድኩ፤ ግን ምን አባቴ አደርጋለሁ!

ጋሽ ደሬሳ የአርሲ ነገሌ ሰው ናቸው፤ ሲቆጡ እንኳ ድምፃቸው ከፍ አይልም። በኋላ ቁልፎቹን መንካት ስጀምር፣ እጄ ከፈጠነ "ሱታ፣ ሱታ" ይሉኛል፤ ቀስ በይ ማለታቸው ነው።

ማሽኑ ሲበራ ቀድሞ የሚያነበው አጭር ፋይል አለ፤ ኮንፊግ እንለዋለን። ስንት ፋይል ባንድ ጊዜ እንደሚከፍት፣ ትእዛዝ የሚቀበለው ፕሮግራም የት እንደተቀመጠ የሚነግረው እሱ ነው። እዚያ ላይ ከተሳሳቱ ማሽኑ ላይነሳ ይችላል። ስለዚህ ጋሽ ደሬሳ ኮንፊግን ከመንካታቸው በፊት ማሽኑን ማስነሳት በሚችል ፍሎፒ ላይ ይገለብጡታል፤ በፍሎፒው አስነስተው ያያሉ። ከዚያ አንድ መስመር ብቻ ይቀየራል። የሚቀየረውን አንዳችን ጮክ ብለን እንናገራለን፣ ሌላው ይደግማል። ሒሳብ ክፍሎች "ቅዳሴ አስመሰላችሁት" እያሉ ይስቁብን ነበር።

አንድ ቀን የንብረት ክፍሉ ሰው ማኅተሙን ይዞ መጣ። የመንግሥት ንብረት ሁሉ ይመታበት ተብሏል፤ ወንበሩም ጠረጴዛውም ተመትቷል። ሲጫኑት የሚበላሸውን ስስ ፍሎፒ አጋድሞ ድው አደረገበት። ጋሽ ደሬሳ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ማታውኑ ሌላ ገልብጠው፣ በጋዜጣ ጠቅልለው ወደ ቤታቸው ይዘውት ሄዱ።

ከዚያ አዲስ የዘር ማከፋፈያ ፕሮግራም መጣ። ብዙ ፋይል ስለሚከፍት አልሠራ አለ። ኮንፊግ ላይ አንዲት ቁጥር ከፍ ማድረግ ነበር የሚፈልገው። የመቂና የዝዋይ ሹፌሮች የድልድሉን ወረቀት እየጠበቁ በር ላይ ቆመዋል። ጋሽ ደሬሳ ደግሞ ስብሰባ ተጠርተዋል።

የድርጅቱ ካድሬ ጓድ ዓለሙ አጭር የኮምፒዩተር ኮርስ ወስዶ ነበር። መጥቶ ወንበራቸው ላይ ተቀመጠና ኮንፊግን ከፈተ።

"ይሄ ሁሉ መስመር ምን ያደርጋል? ሥራ ፈት በዝቷል!" አለ።

"ጓድ፣ ጋሽ ደሬሳ ቢመጡ..."

"አንቺ ዝም በይ።"

ያልገባውን መስመር ሁሉ ሰርዞ፣ ማሽኑን አጥፍቶ አበራው። ማሽኑ አንድ የእንግሊዝኛ መስመር ጽፎ ደረቀ።

ጋሽ ደሬሳ ሲገቡ ጓድ ዓለሙ ተነሥቶ ቆሟል። "ይሄ አሻጥር ነው" አለ። ያን ጊዜ በዚያ ቃል ሰው ይገደል ነበር። አፌን ስከፍት ጋሽ ደሬሳ "ሱታ" አሉኝ። ማኅተም የተመታበትን ፍሎፒ አስገቡ፤ ተንቋቋ፣ አልተነበበም።

"ሌላ ቅጂ አለ" አሉ። "ቤቴ።"

"የመንግሥት ንብረት ቤትህ ምን ይሠራል?"

"ጓድ፣ ማሽኑ ይነሳ ወይስ እኔ ልታሰር? ሁለቱም ከሆነ፣ መጀመሪያ ማሽኑን ላስነሳ።"



ከጥበቃ ጋር በጋሪ ሄደው አመጡት። ማሽኑ ተነሳ፤ የድሮውን ኮንፊግ መለሱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው "የሺ፣ ፋይልስ የሚለው መስመር፣ ከሃያ ወደ አርባ" አሉ።

"ከሃያ ወደ አርባ" አልኩ። ቁጥሩን ቀየሩት፤ ፕሮግራሙ ሠራ።

ድልድሉ ታትሞ ሹፌሮቹ ሄዱ። ጋሽ ደሬሳን ንብረት አውጥተሃል ብለው ወሰዷቸው። ማሽኑን ማን እንዳበላሸው የጠየቀ የለም። እኔ ልናገር ብዬ በጓዳ በኩል ሚስታቸውን ሳማክር፣ "አንቺም ትጨመሪያለሽ፣ እሱም አይወጣም" ብለው ለመኑኝ። አለቀስኩ።

ክረምቱ ሲገባ ተፈቱ። ከስተዋል፤ ኮቱ ሰፍቷቸዋል። በሩ ላይ ጫማቸውን አውልቀው ገቡና ማሽኑን ዳበስ አደረጉት።

"ቅጂው የት ነው?" አሉኝ።

ዙሪያዬን አይቼ "ቤቴ" አልኳቸው።

"ጎሽ" ብለው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓይነት ማሽን በእጄ አልፏል፤ ሥራው ግን ያው ነው። ሳትገለብጥ አትንካ፤ ግልባጩ መሥራቱን እይ፤ አንድ መስመር ብቻ ቀይር። ግልባጩ ከማሽኑ ጋር አንድ ክፍል አይደር።