አንድ ጠብታ ሞያ

ኑርሁሴን ከወሎ ተነሥቶ ካርቱም የገባው በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ ወፍራም ሹራብ ለብሶ ነው። ወዳጆቹ እንደሚምሉት ከአውቶቡስ ሳይወርድ ሹራቡ ገላው ላይ ቀልጦ ካናቴራ ሆነ። ውሎ አድሮ አል-ሳሃፋ በሚባለው ሰፈር በርበሬ፣ ሽሮና ሽንኩርት የሚሸጥባት ሱቅ ከፈተ፤ ከግድግዳዎቿም አንዱን ለመጻሕፍት ሰጠ። መጻሕፍቱ የሚመጡት በመተማ በኩል፣ ከበርበሬው ጋር በአንድ ማዳበሪያ ታጭቀው ነው። ስለ እሳተ ገሞራ የሚያትተውን የገለጠ ሁሉ ከንባቡ በፊት እንባና ንጥሻ ይቀድመዋል። ኑርሁሴን ግን እውነተኛ መጽሐፍ እንዲህ ነው እያለ ይኮራበት ነበር።

ልብ ወለድ አያስቀምጥም። ንብ ስለ ማነብ፣ ስለ ከዋክብት፣ ስለ ኩላሊት፣ ለልጆች ደግሞ ስለ አዞ ጥርስ፤ ሁሉም የእውነት፣ ሁሉም በነጻ የሚሰጥ ውሰት። የጠፋው ተበዳሪ ነው። በየሰው ቤት ሲሠሩ የሚውሉት ሴቶች የፍቅር ታሪክ ይጠይቁታል፤ እሱ ኩላሊት ሲያቀርብላቸው ሽሯቸውን ይዘው ውልቅ። እዚህ የተወለዱት ልጆችማ አማርኛን የሚያውቋት እናታቸው ስትቆጣ ነው።

የእኛ ሚሊኒየም በገባ ዓመት የሚስቱ የዘሊካ ትዕግሥት አለቀ። ሽንኩርቱ መሬት ላይ እየበሰበሰ አዞ መደርደሪያ ላይ መተኛቱ አልዋጥልሽ አላት። እስከ ረመዳን አንድ ሰው እንኳ ወስዶ አንብቦ ካልመለሰ መደርደሪያው የሽንኩርት እንደሚሆን ቁርጡን ነገረችው። ኑርሁሴን እሺ አለ፤ እንቅልፉ ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ ኮበለለ። ያ ግድግዳ ከሄደ እሱም ተራ ባለ ሽሮ መሆኑ ነው።

ረመዳን ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ረሺዳ መጣች፤ የደንበኛው የዘምዘም ልጅ፣ እዚሁ ካርቱም የተወለደች። በርበሬዋ እስኪመዘን ጣቷን አንድ ሽፋን ላይ እየጎተተች ፊደል ቆጠረች።

«ሞ... ያ። ሞያ።»

ፊቷ በራ። መጽሐፉ ወጣቶች ስለሚማሩት የእጅ ሞያ ነው። ለእሷ ግን ሞያ ሱዳኖቹ እንደሚሉት ነው፤ ውኃ። የግቢያቸው ቧንቧ ሲንጠባጠብ የሚያድር ስለሆነ፣ ስለ ውኃ የሚያወራ መጽሐፍ ማግኘቷ ትልቅ ሲሳይ መሰላት። ኑርሁሴን ስሕተቷ ገባው። ሊያርማት አፉን ከፈተ፤ ሽንኩርቱን አየና መልሶ ዘጋው።

ልጅቱ መጽሐፉን እንደያዘች በዚያው ጠፋች። የረመዳን ዋዜማ ዕለት ዘሊካ ሽንኩርቷን ታቅፋ ወደ መደርደሪያው ስትገሠግሥ፣ ረሺዳ መጽሐፉን ይዛ ተኮሳትራ ከች አለች። አንቱታን ካርቱም አታስተምርም፤ አጎቴ ብሎ በዐረብኛ መጥራትን እንጂ።

«ያ ዓሚ፣ ዋሸኸኝ። ሞያ የለበትም። ጫማ፣ እንጨት፣ መርፌ ብቻ።»

«ታዲያ ሳታነቢው መለስሽው?» አለ ኑርሁሴን፣ ሽንኩርቱን በዐይኑ ጥግ እያየ።

«ወላሂ አንብቤዋለሁ። ያልገባኝን እማ እየሳቀች ነገረችኝ። መጨረሻው ላይ ስለ ቧንቧ ሥራ አለ። እሱን እያየን ጎማውን ቀየርነው። ኸላስ፣ አበቃ፤ አይንጠባጠብም።»

«እንግዲያው ሞያ አለበት ማለት ነዋ፣ ልጄ።»

ረሺዳ አሰብ አደረገች። «አንድ ጠብታ» አለች። «ያላ፣ አሁን የአዞውን አምጣ።»

ኑርሁሴን አዞውን ሊያወርድ ሲንጠራራ በዚያች ቅጽበት ቁመቱ በአንድ ክንድ ጨመረ። ወደ ሚስቱ ሳይዞርም፣ ሽንኩርት እንዳይበሰብስ እንዴት እንደሚሰቀል እዚህ አንዱ ውስጥ ተጽፏል ሲል ለአየሩ ተናገረ።

ዘሊካ የታቀፈችውን ሽንኩርት መልሳ መሬት ላይ አኖረች።

«የትኛው ነው?» አለችው። ሁለተኛዋ አንባቢ እሷ ሆነች።