ፓይተን መግደርደር አያውቅም

ከመንዝ ዘመሮ የወጣሁ ዕለት ማታ፣ ባለቤቴ ወርቅነሽ በርኖሱን ይዛ ደጅ ድረስ ተከተለችኝ።

«ይልበሱት፣ አገሩ ብርድ ነው አሉ።»

«አልፈልግም።»

«ኧረ በእመቤቴ!»

«ተይኝ እንጂ።»

«እኔ ልሙትልዎ!» ስትል ለበስኩት። ከመጀመሪያውም ልቤ በርኖሱ ላይ ነበር፤ ግን ታውቁናላችሁ፣ እኛ መንዞች ሳንለመን አንቀበልም። እሷ በጎቹን ለማን ጥዬ ብላ ቀረች። እኔ ሽማግሌው «ከእንግዲህ ኑሮዬ ልጄ ዘንድ ነው!» ብዬ መንደሩ እየሰማ ፎክሬ፣ ስዊድን ገባሁ።

ብርዱስ የአገሬ ነው፣ አልተበገርኩለትም። ጉድ የሠራኝ መግደርደር ነው። የልጄ ባል፣ ደግ ፈረንጅ፣ በመጀመሪያው ቀን በተሰባበረ አማርኛ «ትበላለህ?» አለኝ። ሁለተኛውን ልመና እየጠበቅሁ «በቃኝ» አልኩ። ሳህኑን አንስቶት ሄደ! ሻንጣዬ ውስጥ በሶ ባይኖር ጦሜን አድር ነበር።

ልጄ፣ ቤት መዋሌ አሳዝኗት፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በአማርኛ የሚሰጥ የኮምፒዩተር ትምህርት አስገባችኝ፤ ኮምፒዩተሩን የሚያዙበትን ቋንቋ ፓይተን ይሉታል። ፋንክሽን የሚሉት የትእዛዝ ጥቅል አለ፤ አንዱ ስም ይጠይቃል፣ ከሥሩ ያለው ያንን ስም ጠርቶ ሰላምታ ይሰጣል። ጽፌ ማስኬጃውን ብነካው «ኔም ኢዝ ኖት ዲፋይንድ»፣ ስሙን አላውቀውም ብሎ ቀይ በቀይ ሆነ።

መምህሯ መጣች። በዕድሜ የልጅ ልጄን ታክላለች፤ ጋሼ የለ፣ አባባ የለ።

«ታደሰ፣ ታችኛው ስሙን በምን ይወቅ?»

«ጎረቤቱ ይዞት የለም እንዴ?»

«ላይኛው ውስጥ ያለ እዚያው ይቀራል። ሪተርን ብለህ አውጣው፤ ከዚያ ለታችኛው በቅንፍ ውስጥ አቀብለው።»

«እሱ ራሱ አይጠይቅም?»

«አይጠይቅም። ካላቀበልከው አያውቅም።»

ክፍሉ ሳቀ፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ግን ከሐፍረት ብዛት ጆሮዬ ጋለ። ወርቅነሽ ትዝ አለችኝ። አገሬ ልግባ የሚለው ሐሳብ ከመጣሁ ጀምሮ ሆዴ ውስጥ ነው፤ በደወልኩ ቁጥር «ይምጡ» እስክትለኝ እጠብቃለሁ። እሷ በምን ትወቅ? የሰማችው ፉከራዬን ብቻ ነው።

በነጋታው ደወልኩ። ከጀርባዋ በጎቹ ይጮኻሉ።

«ደኅና ነዎት? ድምፅዎ ልክ አይደለም። የሚፈልጉት ነገር አለ?»

አፌን ከፈትኩ። ይኸው ሽማግሌ፣ ገና ትናንት «አቀብል» የተባለ!

«ምንም» አልኩ። «ምን ይጎድልብኛል?»

ሁለተኛውን ልመና ጠበቅሁ።

«እንግዲያው ደግ» አለች፤ «በጎቹን ላስገባ።»